ያገለገለ ጠበንጃ ያለ ምርመራ ወረቀት አይሸጥ

በንግድ ዓለም ያገለገለ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍበት ጊዜ፥ ሻጭ በሚያውቀውና ገዢ በማያውቀው ነገር መካከል ወፍራም መጋረጃ ይጋረዳል። አዲስ ዕቃ የፋብሪካውን ማኅተም ይዞ ይመጣል፤ ያገለገለ ዕቃ ግን ከሻጩ ቃል በቀር ሌላ ምስክር የለውም። ያገለገለ ወንበር የገዛ ሰው ቢታለል ወንበሩ ይሰበርበታል፤ ያገለገለ የእጅ ሰዓት የገዛ ሰው ቢታለል ቀጠሮ ያልፈዋል። ያገለገለ ጠበንጃ የገዛ ሰው ቢታለል ግን ዐይኑን ወይም እጁን፥ ባስ ሲልም ሕይወቱን ያጣል፤ ከጎኑ የቆመውም ሰው ከጉዳቱ አያመልጥም። ስለዚህ ለወንበርና ለሰዓት የሚበቃው «እንዳለ ተሸጧል» የሚለው የንግድ ቃል ለጠበንጃ ሊበቃ አይገባም የሚለውን አስተያየታችንን ከነምክንያቱ ከዚህ ቀጥለን እንገልጣለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ከአገራችን አዋጅ ቁጥር በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከእኛ የራቀ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር የሚከተለውን ያስታውስ። በ1951 ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ጦር የታጠቀው የአሜሪካን መሣሪያ ነበር። በግንቦት ወር 1953 በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥትና በአሜሪካ መንግሥት መካከል የመከላከያ ርዳታ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ደግሞ፥ ሕዝባችን «ኤም ዋን» እያለ የሚጠራቸው ጋራንድና ካርባይን የተባሉት ጠበንጃዎች ለሠራዊታችን ተሰጡ። ዘመን አልፎ ሌላ ዐይነት መሣሪያ ሲተካቸው በየግምጃ ቤቱ ተከማችተው ቆዩ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከእነዚህ አሮጌ ጠበንጃዎች፥ በተለይም ከካርባይኖቹ፥ ብዙዎቹ በአሜሪካ አስመጪዎች ተገዝተው ወደ ተሠሩበት አገር ተመልሰዋል፤ ዛሬም የታሪክ ቅርስ ለሚሰበስቡና ለዒላማ ተኳሾች ይሸጣሉ። አንድ ዕቃ ውቅያኖስን ሁለት ጊዜ ተሻግሮ፥ ሰባ ዓመት ቆይቶ፥ እንደገና በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ማየት ለነጋዴ ታላቅ ትምህርት ነው።

በአገራችን የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ስለ ሆነና ያለ ፈቃድ መያዝም ሆነ መነገድ የተከለከለ ስለ ሆነ፥ ይህ ጽሑፍ ማንንም ወደዚህ ንግድ ለመጋበዝ አልተጻፈም። የተጻፈው ሕግ በሚፈቅድበት አገር ለሚገዙና ለሚሸጡ፥ እንዲሁም ያገለገለ መኪናም ሆነ ያገለገለ ወፍጮ ለሚነግዱ ሁሉ፥ ከአደገኛው ዕቃ የሚገኘው ትምህርት ለቀላሉም ይጠቅማል በማለት ነው።

ለመሆኑ ከፊል አውቶማቲክ የሚባለው ጠበንጃ ምንድን ነው? ተኳሹ ምላጩን በሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩስ፥ ነገር ግን ባዶውን ቀለህ ራሱ አውጥቶ የሚጥልና ተከታዩን ጥይት ራሱ የሚያጎርስ ነው። ይህንም ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከሚቃጠለው ባሩድ ጥቂቱን ጋዝ ከቱቦው በትንሽ ቀዳዳ በመውሰድ ነው። ጆን ጋራንድ በስፕሪንግፊልድ መሣሪያ ፋብሪካ የሠራውና በ1936 የአሜሪካ ጦር የተቀበለው ጠበንጃ፥ ጋዙን በአፈሙዙ አጠገብ ወስዶ አንድ ረዥም ዘንግ ወደ ኋላ ይገፋበታል። በ1941 ተቀባይነት ያገኘው ካርባይን ደግሞ ጥቂት ብቻ የምትንቀሳቀስ ትንሽ ፒስተን አለችው። ከመጀመሪያው ከ5 ሚሊዮን በላይ፥ ከሁለተኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። በእጅ እየተከፈተ በሚዘጋው በአሮጌው ዐይነት ጠበንጃ ላይ ተኳሹ ራሱ ተቆጣጣሪ ነው፤ መዝጊያው ባይገጥም እጁ ይነግረዋል። በከፊል አውቶማቲኩ ግን ሥራው ሁሉ ዐይን በማይከተለው ፍጥነት ስለሚፈጸም፥ አንዲት ሞላ ብትደክም ወይም አንዲት ጥርስ ብትበላ ተኳሹ የሚያውቀው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ገዢን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያታልለው መልክ ነው። እንጨቱ በዘይት የተወለወለ፥ ብረቱ አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ጠበንጃ ሲያይ ዋጋውን ሳይከራከር ይከፍላል። ነገር ግን ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም፤ ሰደፉ ቢታደስ ያረጀ ቱቦ ወጣት አይሆንም። እንዲያውም እንጨቱ ተቧጭሮ ውስጡ በደንብ የተጠበቀ ጠበንጃ፥ ውጪው አብረቅርቆ ውስጡ ከዛገው እጅግ ይሻላል። እንግዲህ አንድ ጠንቃቃ ሻጭ ወይም ገዢ ሊያያቸው የሚገባውን ነጥቦች በቅደም ተከተል እንጥቀስ።

አንደኛ፥ ከምርመራው ሁሉ በፊት ጠበንጃው ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ። ካዝናው ይውጣ፥ መዝጊያው ይከፈት፥ የጥይቱ ቤት በዐይን ብቻ ሳይሆን በጣትም ይዳሰስ። «ባዶ ነው» የሚል የሌላ ሰው ቃል ማረጋገጫ አይደለም። አፈሙዙም በምርመራው ጊዜ ሁሉ ሰው ወደሌለበት ይዙር።

ሁለተኛ፥ ቱቦው በብርሃን ይታይ። በውስጡ እንደ ቀለበት ያለ ጥላ ከታየ ቀድሞ አንድ ነገር ተወትፎበት ሳለ ተተኩሶ አብጧል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ቱቦ ለተኩስ አይሆንም። ዝገትም ታሪክ ይናገራል። ለጋራንድ የሚሆነው የአሜሪካ ጦር ጥይት እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ መለኮሻው ብረት የሚያዝግ ጨው የሚተው ነበር፤ ስለዚህ ወዲያው ያልታጠበ ጋራንድ ቱቦውና የጋዝ ቤቱ ተበልቶ ይገኛል። የአሜሪካኑ የካርባይን ጥይት ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ በማያዝግ መለኮሻ ስለ ተሠራ፥ የካርባይን ቱቦ የሚዝገው ብዙውን ጊዜ በእርጥበትና በቸልተኝነት ነው። በተጨማሪም ጋራንድ የሚወለወለው ከአፈሙዙ በኩል ስለ ሆነ፥ የመወልወያው ዘንግ ለብዙ ዓመታት ሲመላለስ አፉን ያሰፋዋል፤ አፉ የሰፋ ጠበንጃ ለተኳሹ አደገኛ ባይሆንም ዒላማ ይስታል።

ሦስተኛው ከሁሉ የበለጠ ክብደት ያለው ነው። መዝጊያው ተዘግቶ በተቆለፈ ጊዜ በመዝጊያው ፊትና ጥይቱ በሚደገፍበት ስፍራ መካከል ያለው ርቀት በልክ መሆን አለበት። ርቀቱ ከጠበበ መዝጊያው በደንብ አይቆለፍም፤ ከሰፋ ደግሞ ቀለሁ ድጋፍ አጥቶ ይቀደዳል፤ የጋለው ጋዝም ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ልዩነቱ በኢንች ሺህኛ ክፍል የሚቆጠር ስለ ሆነ ዐይን አያየውም፤ የሚለካው ለዚሁ ተብሎ በተሠሩ የብረት መለኪያዎች ነው። አንዱ መለኪያ ሲገባ መዝጊያው መዘጋት አለበት፤ ሁለተኛው ሲገባ መዘጋት የለበትም። ሁለተኛው ላይ ቢዘጋም በሦስተኛው፥ ለጦር ሜዳ በተወሰነው የመጨረሻ ልክ፥ ይፈተሻል፤ በዚህም ላይ ከተዘጋ ጠበንጃው ከሥራ ይወጣል። ይህ ምርመራ በእነዚህ ጠበንጃዎች ላይ የበለጠ የሚያስፈልገው፥ በየጦር ግምጃ ቤቱ ሲታደሱ የአንዱ መዝጊያ ለሌላው፥ የአንዱ ፋብሪካ ክፍል ለሌላው ፋብሪካ ሥራ ይገጠም ስለ ነበር ነው። ሁለት ደኅና ዕቃዎች ሲጋቡ ደኅና ትዳር ይሆናል ማለት አይቻልም።

አራተኛ፥ የምላጩና የመጠበቂያው ሥራ በባዶው ጠበንጃ ይሞከር። መጠበቂያው ተይዞ ምላጩ ሲሳብ መዶሻው መውደቅ የለበትም፤ ምላጩ ተለቅቆ መጠበቂያው ሲነሣም እንዲሁ። ቀጥሎም ምላጩ እንደ ተሳበ ተይዞ መዝጊያው ወደ ኋላ ተስቦ ይለቀቅ፤ መዶሻው መዝጊያውን ተከትሎ ከወደቀ ወይም ምላጩ ሲለቀቅ ከወደቀ፥ የመያዣው ጥርስ ተበልቷል። እንዲህ ያለው ጠበንጃ ምላጭ አንድ ጊዜ ሲሳብ ሁለትና ሦስት ጥይት ሊተኩስ ይችላል፤ የአፈሙዙም መነሣት ተከታዩን ጥይት ወዴት እንደሚወስደው አይታወቅም። በካርባይን ላይ ደግሞ መጀመሪያ የተሠራው የሚገፋ መጠበቂያ ከካዝናው መልቀቂያ ቁልፍ ጎን ለጎን ስለ ነበር፥ ወታደሮች አንዱን በሌላው ፈንታ እየተጫኑ ካዝናው ይወድቅባቸው ነበር፤ በዚህም ምክንያት በሚዞር መጠበቂያ ተተካ። የትኛው እንደ ተገጠመ ለገዢው መንገር የሻጭ ግዴታ ነው።

አምስተኛ፥ መለኮሻውን የምትመታው መርፌ በቤትዋ ውስጥ በነጻነት መንቀሳቀስዋ ይታይ። በጋራንድና በአብዛኛው ሲሞኖፍ መርፌዋ ሞላ የላትም። ለማከማቻ በተቀባው ወፍራም ግራሶ ተጣብቃ ወደ ፊት ወጥታ ከቀረች፥ መዝጊያው በተዘጋ ቁጥር ማንም ምላጭ ሳይነካ ጥይቱ ሊተኮስ ይችላል። ስለዚህ ከግምጃ ቤት የወጣ ጠበንጃ መዝጊያው ተፈትቶ እስኪታጠብ ድረስ ጥይት አይጉረስ።

ስድስተኛ፥ አስተማማኝነቱ ይመርመር። የጋራንዱ ረዥም ዘንግ ሞላው ከወጣ በኋላ ጠበንጃው ወደ ላይና ወደ ታች ሲዘነበል በራሱ ክብደት ተንሸራትቶ መሄድ አለበት፤ መንገድ ላይ ከቆመ ተጣሟል ወይም ከእንጨቱ ጋር ይፋተጋል። ሞላዎች ከአዲስ ሞላ ጋር ተስተያይተው ያጠሩት ይለወጡ። ቀለህ የሚስበው ጥፍር ያልተሰበረ፥ የካዝናው ከንፈሮች ያልተጣመሙ መሆናቸው ይታይ። በካርባይን ላይ ጥይት አላጎርስ የሚል ችግር ሲገኝ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የጠበንጃው ሳይሆን የካዝናው ነው።

ይህ ሁሉ ምርመራ ታማኝ ዕቃ ሆኖ ያረጀውን ለመለየት ነው። ከዚህም ሌላ እርጅና ሳይሆን ተንኰል ወይም የተሰወረ ጉድለት ያለበት ዕቃ አለ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአሜሪካ፥ መንግሥት በእሳት ቈርጦ ለቍራጭ ብረት የሸጣቸውን ጋራንዶች ግማሹን ከግማሹ በየዳ አገጣጥመው የሸጡ ነጋዴዎች ነበሩ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራሉ፤ የብየዳው ጠባሳ የሚገኘው እንጨቱ ተነሥቶ አካሉ በደንብ ሲታይ ነው። ሌላው ምሳሌ የ1903 ስፕሪንግፊልድ ነው። ይህ በእጅ የሚቀባበል ቢሆንም ትምህርቱ ለሁሉ ነው፤ በስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ ቍጥራቸው ከ800,000 በታች የሆኑት፥ ብረቱ ሲጠነክር ከልክ በላይ በመጋሉ ተሰባሪ ሆነው የተገኙ ስላሉባቸው እንዳይተኰስባቸው ይመከራል። ይህን ጉድለት መለኪያም ሆነ ብርሃን አይገልጠውም፤ የሚገልጠው በአካሉ ላይ የተጻፈው ቍጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ቍጥር ማንበብና መመዝገብ የምርመራ ክፍል እንጂ የጸሓፊ ሥራ ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው ወጥመድ የሕግ ነው። ካርባይኑ ኤም ቱ የሚባል፥ እንደ መትረየስ ያለማቋረጥ የሚተኩስ ወንድም አለው፤ ክፍሎቹም እርስ በርስ ይገጥማሉ። በአሜሪካ አገር ያልተመዘገበ መትረየስ መያዝ ከ1934ቱ ሕግ ጀምሮ ከባድ ወንጀል ስለ ሆነ፥ ባለማወቅ የኤም ቱ መሣሪያዎች ተሟልተው የተገጠሙበትን ካርባይን የሸጠም የገዛም በአደጋ ላይ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ የመጨረሻው ፈተና ተኩስ ነው። ይህም በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ፥ ዐይንና ጆሮ ተሸፍኖ፥ በፋብሪካ በተሠራ አዲስ ጥይት ይሁን። መጀመሪያ አንድ ጥይት ብቻ ይጉረስ፤ ቀለሁም ተነሥቶ መቀደድ ወይም ማበጥ እንደሌለበት ይታይ። ቀጥሎ ሁለት ብቻ ይጉረስ፤ ጠበንጃው በራሱ የሚደጋግም ከሆነ በሁለት ጥይት ይታወቃል፤ በሙሉ ካዝና ማወቅ ግን በሞት መቀለድ ነው። በዚህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ብቻ ካዝናው ይሞላ።

እዚህ ላይ የአስመጪዎችን መከራከሪያ በቅን ልቡና መስማት ይገባል። «የምንገዛው በሺህ የሚቆጠር ዕቃ ነው፤ እያንዳንዱን ብንፈታ ትርፋችን ያልቃል፤ ገዢዎቻችንም አብዛኛዎቹ በግድግዳ ሊሰቅሉት እንጂ ሊተኩሱበት አይገዙም፤ ዋጋውም ዝቅ ያለው ስለዚህ ነው» ይላሉ። በዚህ ክርክር ውስጥ እውነት አለ። ለግድግዳ የሚሆን ጠበንጃ ለግድግዳ መሸጥ ነውር አይደለም። ነውሩ ለግድግዳ ወይም ለተኩስ መሆኑን ሳይናገሩ ዝም ብሎ መሸጥ ነው። ያልተመረመረ ከሆነ «አልተመረመረም፤ በዐዋቂ ሳይታይ አይተኰስበት» ተብሎ በወረቀት ይጻፍ። ይህን መጻፍ ገንዘብ አያስወጣም። በግድግዳ የተሰቀለ ጠበንጃም ለዘላለም እንደ ተሰቀለ አይቀርም፤ አባት ሲሞት ልጅ ያወርደዋል፤ ልጁም የአባቱን ገዢነት እንጂ የሻጩን ዝምታ አያውቅም።

ትርፍ ይጠፋል ለሚለው ደግሞ ታሪክ መልስ አለው። የበርሚንግሃም ጠበንጃ ሠሪዎችና ነጋዴዎች በ1813 ራሳቸው ጠይቀው፥ በራሳቸው ገንዘብ፥ በፓርላማ ሕግ የመፈተኛ ቤት አቆሙ። በለንደን የጠበንጃ ሠሪዎች ማኅበር በ1637፥ በቤልጅግ የሊዬዥ ከተማም በ1672 ይህን ሥራ ጀምረው ነበር። በእነዚህ ቤቶች ጠበንጃው ከተለመደው ኀይል በበለጠ ጥይት ተተኩሶበት ከጸና ማኅተም ይመታበታል። በእንግሊዝ አገር ማኅተም የሌለውን መሸጥ ወንጀል ነው፤ ያገለገለውም ቢሆን ከተዳከመ እንደገና ይፈተናል። ይህ ሁሉ የሊዬዥንና የበርሚንግሃምን ነጋዴዎች አላደኸያቸውም፤ ማኅተማቸው በሩቅ አገር ያለ ገዢ ሳያያቸው እንዲያምናቸው አደረገ እንጂ። የአሜሪካ አገር እንዲህ ያለ የመንግሥት መፈተኛ ቤት ስለሌላት የሻጩ ሸክም በዚያ ይከብዳል። ሆኖም በዚያው አገር በ1996 ሕግ እንደ አዲስ የተቋቋመው የሲቪል ዒላማ ተኳሾች ድርጅት፥ ከጦሩ የተረከባቸውን ጋራንዶች መርምሮ፥ ለክቶ፥ በደረጃ ከፋፍሎ ይሸጣል፤ ከፍ ያለው ደረጃ ከፍ ያለ ዋጋ ያወጣል፤ ገዢም የከፈለበትን ያውቃል። ይህ የሚያሳየው ምርመራ ወጪ ብቻ ሳይሆን ሸቀጥም መሆኑን ነው።

ስለዚህ አሳባችን አጭር ነው። እያንዳንዱ ያገለገለ ጠበንጃ በሚሸጥበት ጊዜ አንድ ወረቀት አብሮት ይሂድ። በወረቀቱም ላይ ቍጥሩና የተሠራበት ፋብሪካ፥ በመለኪያዎቹ የተገኘው ውጤት፥ የመጠበቂያውና የምላጩ ሁኔታ፥ የተለወጡት ክፍሎች፥ ተተኩሶ መሞከሩ ወይም አለመሞከሩ ይጻፍ፤ የመረመረውም ባለሙያ ስሙን ይፈርምበት። ፊርማ ያለበት ወረቀት ገዢን ከአደጋ፥ ሻጭን ከክስ ያድናል። ገዢም በበኩሉ ወረቀት ያልያዘውን ጠበንጃ በርካሽ አገኘሁ ብሎ አይደሰት፤ የቀረውን ዋጋ ለጠበንጃ ሥራ ዐዋቂ ከፍሎ ያስመርምር እንጂ።

በሌላ ዕቃ የምትነግዱ ወንድሞችና እኅቶችም ይህን ልማድ ከወዲሁ ብትይዙ መልካም ነው። የጋዝ ሲሊንደር፥ የመኪና ፍሬን፥ የእንፋሎት ማሽን፥ ሁሉም እንደ ጠበንጃው በውስጣቸው የታፈነ ኀይል አላቸው፤ ሲበላሹም ዋጋቸውን ብቻ ይዘው አይሄዱም። ዕቃውን የሚያውቀው ሻጩ ስለ ሆነ፥ አስቀድሞ መናገርም የሻጩ ዕዳ ነው።